የኋለኛው ረድፍ ግንዶች

«ወረቀቱን ጣሉት!» አለች አሠልጣኟ።

ማንም አልጣለም። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ግጥሙ የተጻፈበትን ክላሰር እንደ ጋሻ ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ለጉርድ ፎቶ የተሰለፉ ይመስል ቀጥ ብለው ቆመዋል። ኳየሩ ከተቋቋመ ጀምሮ አቋሙ ይኸው ነው። ቆሞ ይዘምራል፣ ቆሞ ይጨበጨብለታል፣ እጅ ነስቶ ይወርዳል።

አሠልጣኟ በወጣትነቷ ከአገር አገር ከሚዞር የሙዚቃ ቡድን ጋር አፍሪካን ያዳረሰች፣ ኋላም የስፖርት አስተማሪ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ድምጿ ሜዳ የለመደ ሴት ናት። ሰዉ እንደማይሰማት ስታውቅ ራሷ ከረድፍ ረድፍ እየዞረች ክላሰሩን ከእጃቸው እየነጠቀች መስኮቱ ላይ ቆለለችው።

«እነዚህ የአፍሪካ ዘፈኖች እኮ እጁን አጣምሮ ለሚቆም ሰው አልተሠሩም! መረብ የሚጎትቱ፣ እህል የሚወቅጡ፣ የሚጣሉ፣ የሚታረቁ ሰዎች ናቸው የሠሯቸው። አፋችሁ ብቻውን ከዘፈነ ውሸት ነው። በሉ፣ ጉልበት ይታጠፍ! ወገብ ይላላ! ምንድነው እንዲህ መገተር? ሰውነታችሁ ቁም ሳጥን ነው እንዴ?»

ሞከሩ። ግራ ሲባል ቀኝ፣ ቀኝ ሲባል ግራ ሆነ። እግሩን ያገኘ ዜማው ጠፋበት፣ ዜማውን የያዘ እግሩን ረሳው። አንዱ የሌላውን ክርን እየቀመሰ፣ አዳራሹ በሳቅና በ«ይቅርታ» ተሞላ። ቀስ በቀስ ግን ሰዉ እየፈታ ሄደ። በመጨረሻ ያልፈቱት ሁለት ብቻ ቀሩ፣ ሁለቱም ከኋለኛው ረድፍ።

አንደኛዋ ጥርስ ሐኪም ናት። ዕድሜዋ ሠላሳን አልፏል። ስንቱን እምቢ ያለ መንጋጋ የነቀለ ክንድ አላት። ከክሊኒኳ ወጥታ ቤቷ ስትገባ ግን ለእናቷም፣ ለታላቅ ወንድሟም፣ ለዘመድ ለጎረቤቱም እስከ ዛሬ «ሚጣ» ናት። «ሚጣ በላሽ?» «ሚጣ የት ዋልሽ?» እኛ ግን ሐኪሟ እንበላት፤ ያገኘችው በሥራዋ ነውና።

ሁለተኛው በያጅ ነው። ከአዳራሹ ብዙም ሳይርቅ የበርና የመስኮት ብረት የሚሠራበት ቤት አለው። ኳየሩን የተቀላቀለው የአዳራሹን ደረጃ መደገፊያ ሊበይድ መጥቶ፣ ከላይ የሚለማመዱትን እየሰማ ከታች ሲያጅባቸው ተይዞ ነው። ድምፁ ከምድር ቤት የሚወጣ ይመስላል። ያን የመሰለ ድምፅ የያዘው ሰውነት ግን እንደሚሠራው ብረት ካልጋለ የማይታጠፍ ነው።

«እናንተ ሁለት ግንዶች!» አለች አሠልጣኟ። «ኑ እዚህ፣ ጎን ለጎን ቁሙ። ለየብቻ ከምትሰናከሉ አብራችሁ ውደቁ።»

ዘፈኑ የዓሣ አጥማጆች ነበር። ሁለት ሁለት እየሆኑ የሌለ መረብ ይጎትታሉ። ወደ ኋላ ጋደል ብለው ይስቡና ወደ ፊት ይረግጣሉ። በያጁና ሐኪሟ ሳቡ። ረገጡ። ሐኪሟ የረገጠችው ግን መሬቱን አልነበረም።

«ኧረ እግሬን ጨረስሽው!» አለ በያጁ።

ወዲያው ደነገጠ። ከተዋወቁ ጀምሮ «ዶክተር፣ እርስዎ ይቅደሙ፣ ዶክተር፣ እርስዎ ይቀመጡ» ከማለት ሌላ የማያውቅ ሰው ነው።

«ይቅርታ ዶክተር፣ አመለጠኝ።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። ላብ ቅንድቡ ላይ ቆሟል። ዓይኖቹ ግን ከድምፁ ይልቅ ለስላሳ ነበሩ።

«ካመለጠህ አመለጠህ» አለችው፤ «እርስዎ» ማለቱ ከእሷም አፍ ጠፍቶ። «እንግዲህ አትመልሰው።»

ያን ቀን የቀረውን ልምምድ ሁለቱም ምን እንደዘፈኑ አያውቁትም።

ከዚያ ወዲያ ልምምዱ አዳራሹ ውስጥ አላበቃም። በያጁ ሥራውን ሲጨርስ ሐኪሟ ክሊኒኳን ቆልፋ ወደ ብየዳ ቤቱ ትመጣለች። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ላሜራ ሲረግጡት ይጮኻል፤ የተሳሳተ እግር አይደበቅም። «ጉልበትሽን አትቆልፊው» ይላታል። «ራስህ ቆልፈህ!» ትለዋለች። ይስቃሉ፣ ይጀምራሉ፣ ደግመው ይሳሳታሉ። ዕድሜዋን ሙሉ «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ እግርሽን ሰብስቢ፣ ድምፅሽን ቀንሺ» ሲባል የኖረ ሰውነቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዘው ሲንቀሳቀስ ራሷም ታዘበችው። ትከሻዋ የራሷ ነበር ለካ! ወገቧም የራሷ ነበር ለካ!

አንድ ቀን እጇን ያዘ። በዘፈኑ መረብ ሰበብ ሳይሆን፣ በሌላ ምክንያትም ሳይሆን፣ ዝም ብሎ ያዘው። ክንዱ ላይ ፍንጣሪ የተወው ጠባሳ እንደ ነቁጥ ተበትኗል። እሷም ጠባሳዎቹን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች «ያማል?» አለችው።

«አሁን ነው?» አለ። «አሁንማ ምንም አያመኝም።»

ያ ደስታ ዕድሜ አላገኘም።

አመሻሽ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ሲሻገሩ የሐኪሟ ታላቅ ወንድም መኪና የትራፊክ መብራቱ ላይ ቆማ ነበር። ወንድሟ ስመ ጥር ጠበቃ፣ የኳየሩም የቦርድ ሰብሳቢ ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ ገና ሕፃን ስለነበረች አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሐኪሟ ሳታስበው የያዘችውን እጅ እንደ ጋለ ብረት ለቀቀችው።

በያጁ የተለቀቀ እጁን ኪሱ ከተተና ጥቂት ከሄዱ በኋላ «ደህና ግቢ» አላት። እሷም ጀርባውን እያየች ቀረች።

በሚቀጥለው ልምምድ ቦታው ባዶ ነበር። በማግስቱ ስልኳ ላይ አጭር መልእክት ደረሳት። «ሥራ በዝቶብኛል፣ ኳየሩን ትቻለሁ። በሰላም ሁኚ።» ደወለች። አላነሳም። ደጋግማ ደወለች። ጥሪው እየጮኸ ያልቃል። ብየዳ ቤቱ ሄዳ ፊቱ ለመቆም ደግሞ አፈረች። «በዚህች እጅ ነው ያጣሁት» እያለች ጓንቷን ስታጠልቅ ጣቶቿን ትመለከታለች። ሕመምተኛው አፉን ከፍቶ ሲጠብቃት እሷ ከሄደችበት ትመለሳለች። ራሷን መውቀስ ሥራዋ ሆነ። ሌላ ጥፋተኛ ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ኮንሰርቱ ሲቃረብ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ልምምድ መሃል ገባ። ዝማሬው ቆመ።

«ቦርዱ አንድ ውሳኔ አሳልፏል» አለ፣ ችሎት ፊት እንደሚናገር ጉሮሮውን ጠርጎ። «የአፍሪካ ዘፈኖቹ ይቀርባሉ። ጭፈራው ግን ይቀራል። ብዙ የተከበሩ እንግዶች ይመጣሉ። እንደ ወጉ ቆማችሁ ትዘምራላችሁ። ይኼ መወዛወዝ ለኳየሩ ክብር አልሆነም። ለአንዳንድ ሰዎችም መረን መውጫ ሆኗል።»

«አንዳንድ ሰዎች» ሲል ዓይኑ ወደ ኋለኛው ረድፍ ሄደ። ሐኪሟ ፊቷ ጋለ።

አሠልጣኟ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከመድረኩ ወረደች።

«አንተ ልጅ፣ ልብ የለህም እንዴ? ያን የመሰለ ባስ ድምፅ አባረርክብኝ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ እግራችንን ልትቆርጠው መጣህ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሐኪሟ ዞረ።

«እሱ ነው ያባረረው?» አለች ሐኪሟ።

አሠልጣኟ አፏን ያዘች። ከዚያ ለቀቀችው። «አደራ አትንገሪያት ብሎኝ ነበር። ልመልሰው ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት እኮ። ‹ሰብሳቢው ሁለተኛ እንዳትመጣ ብለውኛል› አለኝ። አደራ መብላት ነውር ነው፤ ግን ከዚህ የባሰ ነውር ፊት ለፊቴ ቆሟል።»

ሐኪሟ ረድፎቹን እየሰነጠቀች ወደ ፊት መጣች።

«ጋሼ፣ እውነት ነው?»

«ሚጣ፣ ቤት እንነጋገራለን።»

«እዚሁ እንነጋገራለን።»

«ሰው ፊት?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አዎ፣ ሰው ፊት። ስለ እኔ ስትነጋገር እኔ አልነበርኩም። አሁን እኔም አለሁ፣ ሰውም አለ። ንገረኝ።»

ወንድሟ ዙሪያውን አየ። የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «መሳቂያ ሆነሻል እኮ። የተማርሽ፣ ስንት የተደከመብሽ ሴት ነሽ። ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ ጋር መንገድ ለመንገድ… ላንቺ ስል ያልተውኩት ነገር አለ? የራሴን ትዳር እንኳ ባንቺ ምክንያት…»

ሳይጨርሰው ቆመ። ሐኪሟ ይህን ነገር ሙሉውን ሰምታው አታውቅም፤ ጫፉን ግን ስትሰማው ነው ያደገችው። በየጥናቷ፣ በየፈተናዋ፣ በየልደቷ ጫፉ ይታያል፣ ይሸፈናል።

«ማን ተው አለህ?» አለችው። «ልጅ ነበርኩ እኮ! እኔ ነኝ አታግባ ያልኩህ? ላደረግክልኝ ሁሉ አመሰግንሃለሁ። እስክሞት አመሰግንሃለሁ። ምስጋና ግን ልጓም አይደለም ጋሼ! አፌ ውስጥ አትክተተው!»

«ሚጣ!»

«ሚጣ አይደለሁም! ሚጣ የምትባል ልጅ ነበረች፤ አድጋ ሄዳለች። አንተ ብቻ ነህ በሩ ላይ ቆመህ የምትጠብቃት።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደረጃውን ወርዳ በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ አቀናች። ከንዴቷ በላይ ያቃጠላት ግን ያ ሁሉ የከንቱ ጸጸት ነበር፤ ራሷን እየገረፈች ያደረችበት ሌሊት ሁሉ ለሌላ ሰው ጥፋት ነበር።

በያጁ ጭንብሉን አጥልቆ የመስኮት ፍሬም ላይ አጎንብሷል። ፍንጣሪው እንደ ርችት ይረጫል፣ የብየዳ ማሽኑ ያጓራል። ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ጠራችው። አልሰማም። ጮኸች። አልሰማም። ግድግዳው ዘንድ ሄዳ ሶኬቱን ነቀለችው። መንቀል ሥራዋ ነው።

ጸጥታ ወረደ። በያጁ ጭንብሉን ወደ ላይ ገለበጠ። ሲያያት የያዘው ብረት ከእጁ ወደቀ።

«አንቺ… ወደዚህ አትምጪ፣ ብርሃኑ ዓይንሽን…»

«ዓይኔን ተወው! ዓይኔ አንተን ሲፈልግ ፈዟል! ወንድሜ መጥቶ ምን አለህ?»

የወደቀውን ብረት ሊያነሳ አጎነበሰ።

«መልስልኝ!»

«ማን ነገረሽ?» አለና ጓንቱን አወለቀ። «መጡ። እዚሁ አንቺ የቆምሽበት ላይ ቆሙ። ‹እናታችን ስለ እናንተ ሰምታ ደሟ ከፍ ብሎ ተኝታለች። ሐኪሞቹም አልወደዱላትም። አንድ ነገር ብትሆን ያንተ እጅ አለበት› አሉኝ። ምን ልበል? እኔ እናቴን የቀበርኩ ሰው ነኝ። ያንቺን እናት ደግሞ…»

ሐኪሟ አጠገቧ ያለ የብረት ሳጥን ላይ ቁጭ አለች።

«እናቴ?»

«አዎ።»

«እናቴ ስምህን እንኳ አታውቅም! ትናንት ወንበር ላይ ወጥታ በአጥር በኩል የጎረቤት ድመት ስትሰድብ ነበር!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቁ። በያጁ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ጥላሸቱ ግንባሩ ላይ ተዘረጋ።

«ዋሽተውኝ ነው?»

«ዋሽቶሃል። የእሱን ከእሱ ጋር እጨርሰዋለሁ» አለችና ተነሳች። «አሁን ያንተ ተራ ነው። ስልክ አልነበረህም? አፍ አልነበረህም? ‹እናትሽ እንዴት ናቸው› ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል? ሁለት ወንዶች ቆማችሁ ስለ እኔ ተመካከራችሁ። ተስማማችሁ። ተለያያችሁ። እኔ የት ነበርኩ? በር ነኝ ወይ፣ ለክታችሁ ቆርጣችሁ የምትገጥሙኝ?»

«እጄን ስትለቂው…» አለ በያጁ ዝቅ ብሎ። «አንቺም የፈለግሽው መሰለኝ።»

ይህ መታት።

«ለቅቄዋለሁ» አለች። «ፈርቼ ነው። አሳፋሪ ነገር ነው ያደረግኩት። ለዚያ ልትሰድበኝ መብትህ ነበር፤ ለምን አልሰደብከኝም? ‹ምነው አፈርሽብኝ?› ብትለኝ እግርህ ላይ እወድቅ ነበር። አንተ ግን ዝም ብለህ ጠፋህ። ዝምታህን ጨዋነት አልከው፤ እኔን ግን በቁሜ ገደለኝ።»

በያጁ ወደ ደጁ አየ። መንገድ ላይ ሰው ይመላለሳል። ማንም ወደ ውስጥ አይመለከትም።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። ያ ከምድር ቤት የሚመጣ ድምፁ ተሰነጠቀ። «እንዳንቺ ያለች ሴት አጠገቤ መቆሟን አንድም ቀን አምኜው አላውቅም። አንድ ቀን የሆነ ሰው መጥቶ ‹በስህተት ነው፣ መልስ› ይለኛል እያልኩ ነበር የምጠብቀው። ወንድምሽ ሲመጡ… አልተከራከርኩም። የምጠብቀው ሰው የደረሰ መሰለኝ።»

ሐኪሟ እንባዋ መጣ፤ ከእንባው ግን ቁጣው ቀደመ።

«ይኸውልህ! ይኸውልህ የሚያናድደኝ! ወንድሜ ቢንቅህ ስለማያውቅህ ነው። አንተ ግን ከእሱ ጋር ተስማምተህ ራስህን ናቅከው። የናቅከው ማንን እንደሆነ ታውቃለህ? የኔን ምርጫ ነው! ከስንቱ ወንድ መሃል አይቼ፣ አስቤ፣ ወድጄ የመረጥኩትን ሰው! ማን ፈቀደልህ?»

እጁን ዘረጋ። አልያዘችውም። ልትይዘው ጣቶቿ ተነስተው ነበር፤ አሁን ከያዘችው ግን ቁጣዋ ሳያልቅ ሟሙቶ እንደሚቀር አወቀች። ይህን ቁጣ ደግሞ ማንም እንዲወስድባት አልፈለገችም። የመጀመሪያው የራሷ ነገር ነበር።

«ሶኬትህን ሰካ» አለችው። «እኔ ታማለች የተባለችውን እናቴን ልጠይቅ ልሂድ።»

እናቷ ሬዲዮ ከፍተው የአበባ ማሰሮዎቻቸውን ያጠጡ ነበር። ነገሩን ከላይ እስከ ታች ሰሙ። ከታሪኩ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ማን ነው የታመመው?»

«አንቺ።»

«እኔ? መቼ?»

«ሰሞኑን። ደምሽ ከፍ ብሎ። ሐኪሞቹ አልወደዱልሽም።»

እናት ውሃ ማጠጫውን አስቀመጡ። «በቁሜ ቀበረኝ እኮ ይኼ ልጅ! ሳልሞት ለቅሶ ተቀምጦብኛል!» ብለው ስልኩን አነሱ። «ሃሎ! ና ወዲህ። አዎ፣ አሁኑኑ። ታምማለች ብለሃል አሉ፤ ና አስታምመኝ!»

ወንድምየው እስኪመጣ ድረስ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው መረመሯት።

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ይዋሻል?»

«አይዋሽም እማዬ፤ ዝም ይላል።»

«ዝምታም ሲበዛ የውሸት ታናሽ ወንድም ነው» አሉ እናት። ከዚያ ዓይኗን አዩ፣ ረዘም አድርገው። «ስሚ፤ ደስ ብሎኛል አላልኩም። ለሐኪም ልጄ ሌላ ነገር አስቤ ነበር፣ አልደብቅሽም። ግን ብከፋም ብደሰትም በራሴ ልብ ነው። ማንም በኔ ስም አይከፋልኝም!»

ወንድሟ መጣ። ባርኔጣውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ችሎት ውስጥ ቃል የማያጥረው ሰው እናቱ ፊት ቃል አጠረው።

«እማዬ፣ ሌላ መንገድ አልነበረኝም።»

«የነበረህ መንገድ ልጅቷን መጠየቅ ነበር» አሉ እናት። «እኔም አልጠየቅኳችሁም ኖሯል። አባታችሁ ሲሞት ‹አንተ ነህ አሁን አባቷ› ያልኩህ እኔ ነኝ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ላይ ጫንኩብህ። ‹እስከ መቼ?› ብለህ አልጠየቅከኝም፤ እኔም በቃህ አላልኩህም። እንካ፣ ዛሬ በቃህ።»

ጠበቃው ቀና ብሎ እናቱን አየ። ከተጫነው ሸክም የተገላገለ ሰው ፊት አልነበረም፤ የዘረፉት ሰው ፊት ነበር። ይቅርታ አልጠየቀም። «የቦርዱ ውሳኔ ውሳኔ ነው» ብሎ ወጣ። ሐኪሟ ግን በመስኮት ስታየው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሳ ረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ ነበር። የሚገርመው፣ ያን ያህል ተቆጥታ እንኳ አሳዘናት። ስላሳዘናት ደግሞ መልሳ ተናደደች።

የኮንሰርቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ኳየሩ ከመድረኩ ጀርባ ተኮልኩሎ ጠበቀ። ውሳኔውን ማንም አላነሳውም፤ ማንም ደግሞ አልረሳውም። ከሐኪሟ ጎን ያለውን ክፍት ቦታ ሌላ ሰው ሊዘጋው ሲል «ተወው» አለችው።

በያጁ በጓሮ በር ገባ። የለበሰው ኮት ትከሻው ላይ ጠቧል። አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ልቁም?» አለ በሹክሹክታ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለች ወደ ፊት እያየች። «ቦታው የባስ ነው።»

«ያንቺን ፈቃድ ነው የምጠይቅሽ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጠይቋታል። ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችው።

የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች እንደ ወጉ ቆመው ዘመሩ። የተከበሩት እንግዶች በወጉ አጨበጨቡ። የዓሣ አጥማጆቹ ዘፈን ሲደርስ አሠልጣኟ ፊታቸው ቆመች። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ጉልበቷን ብቻ አጠፈች። የሠላሳ ሰው ጉልበት ተከትሏት ታጠፈ።

ከዚያ መድረኩ ነጎደ። ሐኪሟ ረገጠች። ለዋሹባት ረገጠች። በሌለችበት ለመከሩባት ረገጠች። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ድምፅሽን ቀንሺ ለተባለችበት ዘመን ሁሉ ረገጠች። ቁጣዋ በእግሯ እየወጣ ሳንቃውን ሲያስጮኸው፣ ያ ግንድ የተባለ ሰውነቷ ከመሬት የበቀለ ነገር እንጂ የተተከለ ነገር አልነበረም። ከጎኗ የበያጁ ድምፅ ከሥር ይዟታል። አንድ ጊዜ ተሳስቶ ወደ ግራ ሄደ፤ በክርኗ ጎሽማ መለሰችው።

ከፊት ወንበር እናቷ በያጁን አንገታቸውን አስግገው ይመረምሩታል። ከአጠገባቸው ወንድሟ እጆቹን አጣምሮ ተቀምጧል። ሰዉ ተነስቶ ሲያጨበጭብ አላጨበጨበም። ሰዉ ሲነሳ ግን እሱም ተነስቷል፤ ዓይኑ እህቱ ላይ ነበር፤ ማንነቷን አሁን ገና የሚያጣራ ይመስል። ሐኪሟ ዓይኗን አልሰበረችለትም። የበያጁን እጅ ፈልጋ፣ እዚያው ሁሉም እያየ፣ ያዘችው።

መጋረጃው ሲዘጋ ሁሉም እየተሳሳመ ተበተነ። ሁለቱ ኋለኛው ረድፍ ላይ ቀሩ። ሁለቱም ያለከልካሉ።

«ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?» አለ በያጁ የተያዘ እጁን እያየ።

«አላልኩህም» አለች። «ገና ተቆጥቻለሁ።»

«ታዲያ እጄን…»

«እጅህን የያዝኩት እንዳትሸሽ ነው። ነገ ክሊኒክ ና፣ ነገም እቆጣሃለሁ። ከነገ ወዲያም ና። እናቴ ዘንድ ስንሄድ መንገዱን ሙሉ እቆጣሃለሁ። ያላስጨረስከኝ ስንት ነገር አለ መሰለህ! አንዱም ሳያመልጥህ ቆመህ ትሰማኛለህ።»

በያጁ ዓይኑ ሞላ። አልጠረገውም።

«ብዙ ነው?» አለ።

«በጣም ብዙ ነው» አለች ሐኪሟ። «ዕድሜ ልክ ሳይፈጅ አይቀርም።»